ገመዱ ተሰክቶ ዋይፋዩ ለምን ይሠራል? የቲፒ-ሊንክ ዩኢ300 አዳፕተር ግምገማ ለወሎ ተጠቃሚ

የኔትወርክ ሶኬት የሌለው ቀጭን ላፕቶፕ ይዞ ደሴ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ ካለ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ለሚገባ ሰው፣ የኔትወርክ ኬብልን በዩኤስቢ የሚያስገባው አዳፕተር በሦስት ደረጃ ይገኛል። አንደኛው ስም የለሽ ርካሽ ዕቃ ነው። ሁለተኛው የታወቀ ስም ያለው፣ ግን በሰከንድ 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያስተላልፍ ነው፤ የቲፒ-ሊንኩ ዩኢ200 ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሦስተኛው ጊጋቢት፣ ማለትም በሰከንድ 1000 ሜጋቢት የሚደርሰው ሲሆን የዚህ ግምገማ ዋና ጉዳይ የሆነው ዩኢ300 የሚመደበው እዚህ ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፤ ግዙ የምንለው ሦስተኛውን ነው። ምክንያታችን ግን ኢንተርኔት ያፈጥናል የሚለው የተለመደው ማሻሻጫ አይደለም። የቤታችሁ መስመር 10 ሜጋቢት ከሆነ ባለ100ውም ባለ1000ውም ያንኑ 10 ነው የሚያደርሱላችሁ። ልዩነቱ ያለው ኮምፒውተሩ በገመዱ ይሂድ ወይስ በዋይፋዩ የሚለውን በሚወስን አንድ ቁጥር ላይ ነው።

ገመድ ከተሰካ ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ ገመዱን ይመርጣል ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። ዊንዶውስ ግን ገመድ ስለሆነ ብቻ አይመርጥም። ለእያንዳንዱ መገናኛ ሜትሪክ የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ወደ ኢንተርኔት የሚወስዱ ሁለት መንገዶች ሲያገኝ ቁጥሩ ባነሰው ይሄዳል። ቁጥሩን የሚያወጣው ደግሞ መገናኛው ካሳወቀው ፍጥነት ተነስቶ ነው። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ባለው አሠራር፣ ከ200 ሜጋቢት እስከ 2 ጊጋቢት የሚያሳውቅ ገመድ 25 ያገኛል። ከ80 እስከ 200 ሜጋቢት ያለው ገመድ 35 ነው፤ ባለ100ው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ዋይፋይ የሚለካበት መስፈሪያ ሌላ ነው። ከ500 ሜጋቢት እስከ 2 ጊጋቢት ያለ ዋይፋይ 30፣ ከ200 እስከ 500 ያለ 35፣ ከ150 እስከ 200 ያለ 40፣ ከ80 እስከ 150 ያለ 45፣ ከ50 እስከ 80 ያለ 50 ይሰጠዋል።

አሁን አስሉት። በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ባለሁለት አንቴና ዋይፋይ ራውተሩ አጠገብ ሲሆን 866 ሜጋቢት ያሳውቃል፤ ሜትሪኩ 30 ነው። ባለ100 አዳፕተር ስትሰኩ ሜትሪኩ 35 ነው። ገመዱ ተሰክቶ፣ መብራቱ እያበራ፣ ኮምፒውተሩ በዋይፋይ ይሄዳል። ባለአንድ አንቴናው ዋይፋይ በ5 ጊጋኸርዝ 433 ሜጋቢት ስለሚያሳውቅ ከባለ100ው ገመድ ጋር 35 ለ35 እኩል ይወጣል፤ እኩል ሲወጣ በየትኛው እንደሚሄድ ርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም። በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚሠራ ራውተር ላይ ግን ዋይፋዩ አብዛኛውን ጊዜ 72 ወይም 144 ሜጋቢት ስለሚያሳውቅ ሜትሪኩ 50 ወይም 45 ይሆናል፤ ባለ100ው ገመድ ያሸንፋል። ያው አዳፕተር ጎረቤት ቤት በደንብ ሠርቶ እናንተ ቤት እንዳልሠራ የሚሆነው በዚህ ነው። ዕቃው አልተበላሸም። ራውተራችሁ አዲስ በመሆኑ ዋይፋዩ ትልቅ ቁጥር አሳወቀ፣ ገመዱም በሒሳቡ ተበለጠ።

ጊጋቢት አዳፕተር ግን 25 ይዞ ስለሚገባ 866 የሚለውንም ዋይፋይ ምንም ሳትነካኩ ይቀድመዋል። ዩኢ300ን የመረጥነው ስለዚህ ነው። በአሮጌው ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ ላይ ቢሰካ እንኳ ከራውተሩ ጋር የተስማማበትን 1 ጊጋቢት ነው የሚያሳውቀው። በዚያ ቀዳዳ በተግባር የሚያልፈው ከ300 ሜጋቢት ብዙም ባይበልጥም ሜትሪኩ 25 እንደሆነ ይቆያል።

ዋይፋዩ ማሸነፉ ምን ይጎዳል የምትሉ፣ ጉዳቱ ኪስ ላይ ነው የሚታየው። የቢሮው መስመር ሲቋረጥ ሠራተኛው የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ ላፕቶፑን ያገናኛል። መስመሩ ሲመለስ ሆትስፖቱን ሳያጠፋ ይረሳዋል። የስልኩ ሆትስፖት በ5 ጊጋኸርዝ ከሆነ ቁጥሩ 30 ወይም 35 ነው፤ ባለ100ው ገመድ ደግሞ 35። ሆትስፖቱ ካሸነፈ ቀኑን ሙሉ የዊንዶውስ ማሻሻያው፣ የኢሜይል አባሪው፣ ቪዲዮው ሁሉ የስልኩን ፓኬጅ ሲበላ፣ የተከፈለበት የቢሮ መስመር ሥራ ፈት ይቀመጣል። በላሊበላ ሆቴሎች መቀበያ ላይም ያው ነው። የመዝገቡ ኮምፒውተር ገመድም የእንግዶች ዋይፋይም ካለው፣ ማታ እንግዳው ሁሉ ቪዲዮ ሲከፍት በእንግዳው ዋይፋይ የተንጠለጠለው መዝገብ አብሮ ይንቀራፈፋል።

ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔት መውሰድ ደግሞ የባሰ ነው። ዊንዶውስ ያንን እንደ ዋይፋይ አያየውም፣ እንደ ኔትወርክ ገመድ ነው የሚቆጥረው። ብዙ አንድሮይድ ስልክ በዚህ መንገድ ሲገናኝ 426 ሜጋቢት ብሎ ያሳውቃል፤ ስለዚህ 25 ያገኛል። ባለ100ውን ገመድ በግልጽ ይቀድመዋል፣ ከጊጋቢቱ ጋርም እኩል ይሆናል። በዩኤስቢ ስልክ የሚያገናኝ ሰው አዳፕተሩ ጊጋቢት ነው ብሎ መተማመን አይችልም፤ ቁጥሩን በእጁ ማስተካከል አለበት።

ታዲያ ዋይፋዩን ጨርሶ ማጥፋት አይቀልም ወይ? መብራት የማይጠፋበት አገር ቢሆን ይቀል ነበር። ደሴም ሆነ ወልዲያ መብራት ሲሄድ ራውተሩ ይጠፋል፣ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ይቀጥላል። ዋይፋዩ ክፍት ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ከገመዱ ከበለጠ፣ ራውተሩ በጠፋበት ቅጽበት የገመዱ መንገድ ከዝርዝሩ ይወጣና ኮምፒውተሩ በራሱ ወደ ስልኩ ሆትስፖት ይዞራል። መብራት ሲመጣም በራሱ ወደ ገመዱ ይመለሳል። ማንም ምንም መንካት የለበትም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በላፕቶፑና በራውተሩ መካከል ስዊች፣ ማለትም የኔትወርክ ኬብል ማከፋፈያ ሳጥን ካለና ስዊቹ ብቻ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ላይ ከተሰካ፣ ራውተሩ ቢጠፋም የገመዱ መብራት ይበራል። ዊንዶውስ ገመዱ ደኅና ነው ብሎ ወደማይደርስበት መንገድ መላኩን ይቀጥላል። ዩፒኤስ ካላችሁ ሁለቱንም ስኩበት፣ አለበለዚያ ሁለቱንም አትስኩ።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ዩኢ300 ትንሽ ሳጥን ነው፤ አጭር የዩኤስቢ ገመዱ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ሲሆን ታጥፎ ይገባል። ለቦርሳ ተስማሚ ነው፣ ግን ድክመቱም ያው ገመድ ነው። የኔትወርክ ኬብሉ ጠንካራ ሆኖ አዳፕተሩ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ ክብደቱ በሙሉ በአጭሩ ገመድ ጉሮሮ ላይ ያርፋል፤ ያ ገመድ ከተቆረጠ መቀየሪያ የለውም። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ኬብሉንም ከጠረጴዛው እግር ጋር እሰሩት። ውስጡ ያለው ቺፕ የሪያልቴክ አርቲኤል8153 ነው። በዊንዶውስ 10 እና 11 እንደተሰካ ይሠራል፣ በኡቡንቱም ድራይቨሩ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል። ላፕቶፓችሁ ታይፕ-ሲ ቀዳዳ ብቻ ካለው ዩኢ300ሲ የሚባለውን ጠይቁ እንጂ በመሸጋገሪያ ላይ መሸጋገሪያ አትቀጥሉ። ሥራ ላይ ሲሆን ይሞቃል፤ የጊጋቢት ቺፕ ስለሆነ ነው፣ አብሽሩ። የኮምቦልቻ ቀትር ላይ ግን ከላፕቶፑ የአየር መውጫ ፊት ለፊት ባይቀመጥ ይሻላል።

ዩኤስቢ 3.0 ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ያወጣል። አዳፕተሩ አጠገብ ያለው ቀዳዳ ላይ የገመድ አልባ ማውስ መቀበያ ከተሰካ ማውሱ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። መቀበያውን በሌላኛው ጎን ካለው ቀዳዳ ላይ ብትሰኩት ያልፋል።

ስም የለሹ ርካሽ አዳፕተር ላይ ጠንከር ብለን እንናገራለን። ከውጭ 10/100 ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ያለው ቺፕ በዩኤስቢ 1.1 ፍጥነት የሚሠራ ይገኛል። ዩኤስቢ 1.1 በሰከንድ ከ12 ሜጋቢት አያልፍም። ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ስታስተላልፉ በሰከንድ ከአንድ ሜጋባይት እምብዛም አይሻገርም። ከዚህ የከፋው ደግሞ አንዳንዶቹ ሁሉም አንድ ዓይነት የማክ አድራሻ፣ ማለትም ራውተሩ ዕቃን ከዕቃ የሚለይበትን መለያ ቁጥር ይዘው መምጣታቸው ነው። ሁለት ሰው አንድ ቢሮ ውስጥ ገዝቶ በአንድ ራውተር ላይ ቢሰካ፣ ራውተሩ ሁለቱን እንደ አንድ ኮምፒውተር ያያቸዋል፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። መለየት ቀላል ነው። ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ፣ አዳፕተሩ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጉ፣ ፕሮፐርቲስ ግቡ፣ ዲቴይልስ ከሚለው ሥር ሃርድዌር አይዲስን ምረጡ። የሚታየው መለያ 0ኤፍኢ6 (0FE6) እና 9700 ከሆነ ያ ቀርፋፋው ነው፣ መልሱት። ትክክለኛው ዩኢ300 መለያው 2357 እና 0601 ነው። በሣጥኑ ላይ ከተጻፈው ስም ይልቅ ይህን ቁጥር እመኑ።

ባለ100ው ዩኢ200ም በራሱ መጥፎ ዕቃ አይደለም፣ ይህን በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ በሚሠራ ራውተር ቤት ውስጥ፣ ለኢንተርኔት ብቻ የሚጠቀም ሰው ከእርሱ ሌላ አያስፈልገውም። ከዚህ በታች የምንሰጠውን ማስተካከያ የሚያደርግ ሰውም ቢሆን እንደዚያው። እኛ ጊጋቢቱን የምንመርጠው ብዙ ሰው ማስተካከያውን ስለማያደርግ ነው።

ጊጋቢት ገዝቶ 100 ማግኘትም አለ። አዳፕተሩ ብቻውን ፍጥነት አይወስንም፤ ከራውተሩ ሶኬትና ከኬብሉ ጋር ተስማምቶ ነው። የብዙ አሮጌ ሞደሞች ሶኬቶች ባለ100 ናቸው። አንዳንድ የፋይበር ሞደሞች ደግሞ ከአራቱ ሶኬት አንዱ ብቻ ጊጋቢት ሆኖ ሦስቱ ባለ100 ናቸው። ዩኢ300ን ባለ100 ሶኬት ላይ ከሰካችሁት ሜትሪኩ 25 መሆኑ ይቀርና 35 ይሆናል፤ 5 ጊጋኸርዙ ዋይፋይም ተመልሶ ይቀድማል። ስለዚህ መጀመሪያ ሶኬቱን ቀያይራችሁ ሞክሩ። በኔትወርክ ኮኔክሽንስ መስኮት ኢተርኔት የሚለውን ሁለቴ ጠቅ ስታደርጉ ስፒድ የሚለው ቦታ ላይ 1.0 ጂቢፒኤስ ካለ ጊጋቢት ነው፣ 100.0 ኤምቢፒኤስ ካለ አይደለም።

ሶኬቱ ጊጋቢት ሆኖ አሁንም 100 የሚል ከሆነ ጥፋቱ ከኬብሉ ነው፤ ብዙ የቴክኒሻን ጥሪ መጨረሻው እዚህ ነው። 100 ሜጋቢት ከስምንቱ ሽቦ አራቱን ብቻ ይጠቀማል፣ ከጃኩ፣ ማለትም በኬብሉ ጫፍ ካለው ፕላስቲክ መሰኪያ 1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥር ላይ ያሉትን። ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። 4፣ 5፣ 7 ወይም 8 ቁጥር ላይ አንዲት ሽቦ ካልነካች አዳፕተሩ ወይ ወደ 100 ይወርዳል ወይ መብራቱ እየበራ እየጠፋ ያስቸግራል። እጅግ የተለመደው ስህተት አራት ሽቦ ብቻ የታሰረበት የቆየ ኬብል ነው፤ የዱሮ ጫኚዎች የተረፉትን አራት ለስልክ ወይም ለሌላ ኮምፒውተር ይጠቀሙባቸው ነበር። እንዲህ ያለው ኬብል ጊጋቢት የሚሆንበት መላ የለውም።

ጃኩን የምታስሩት ራሳችሁ ከሆናችሁ የሽቦውን ተራ ጠብቁ። የጃኩን ማንጠልጠያ ምላስ ወደ ታች፣ የሽቦ መግቢያውን ወደ እናንተ አድርጋችሁ ስትይዙት ከግራ ወደ ቀኝ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ ይሆናል። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። ብዙ ሰው ተራ በተራ ጥንድ ጥንዱን ይደረድርና አረንጓዴውን ከነጭ-አረንጓዴው አጠገብ ያስቀምጠዋል፤ የኬብል መሞከሪያው መሣሪያ ስምንቱንም መብራት በትክክል ያሳያችኋል፣ ኬብሉ ግን አይሠራም ወይም ይቆራረጣል፤ 3ኛውና 6ኛው ሽቦ አንድ ጥንድ መሆን ስላለባቸው ነው። ጥንዶቹን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍቱ፤ ጠመዝማዛነቱ ነው ከጎረቤት ሽቦ የሚመጣውን ጫጫታ የሚያጠፋው። የኬብሉ የውጭ ልባስ ጃኩ ውስጥ ገብቶ መያዣው እንዲጫነው አድርጉ፤ ሽቦዎቹ ብቻ ከያዙት አንድ ቀን ሲጎተት ይወጣል።

ለኬብሉ ካት 5ኢ የሚባለው ደረጃ ይበቃል፤ ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። ካት 6 ብትገዙም አይጎዳም፣ የኬብሉ ዓይነት ሳይሆን ውስጡ ያለው ብረት ይበልጥ ያሳስበን። ርካሽ ኬብል ሽቦው አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን ብቻ መዳብ የተለበጠ ነው። በቢላ ስትፍቁት ነጭ ብረት ከታየ መዳብ አይደለም። እንዲህ ያለው ሽቦ ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ረጅም ርቀት ላይም ምልክቱ ይደክማል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ባለው የደሴ ቤት ዋይፋይ ከክፍል ክፍል ስለማያልፍ ኬብሉ ግድግዳ ተበስቶ ይገባል፤ መልሶ ማውጣት ከባድ በመሆኑ ለሙሉ መዳብ መክፈል ያዋጣል። ከቤት ወደ ቤት በውጭ የሚዘረጋ ከሆነ ደግሞ ግራጫው የቤት ውስጥ ኬብል በፀሐይ ልባሱ ይሰነጠቃል፤ ጥቁሩን የውጭ ኬብል ጠይቁ። በሁለት ሕንፃ መካከል የመዳብ ኬብል በክረምት መብረቅ ጊዜ ራውተሩንም ኮምፒውተሩንም ሊያቃጥል ይችላል። ደሴ ተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ነጎድጓዷንም የምታውቁት ነው። በሕንፃዎች መካከል ፋይበር መዘርጋት ይሻላል፤ ካልተቻለ ዝናቡ ሲከብድ ነቅላችሁ አስቀምጡ።

አሁን ማስተካከያው። አብዛኛው ምክር የገመዱን ቁጥር ዝቅ አድርጉ ይላል፤ እኛ የዋይፋዩን ቁጥር ከፍ አድርጉ እንላለን። ምክንያቱ አለው። ዊንዶውስ በእጅ የገባውን ቁጥር የሚያስቀምጠው ለዚያ አንድ መገናኛ ነው። የራሱ መለያ ቁጥር የሌለውን የዩኤስቢ አዳፕተር ዛሬ በግራ ነገ በቀኝ ቀዳዳ ብትሰኩት ዊንዶውስ አዲስ ዕቃ መስሎት ኢተርኔት 2፣ ኢተርኔት 3 እያለ ይመዘግበዋል፣ የሰጣችሁት ቁጥርም ይጠፋል። የዋይፋይ ካርዱ ግን ከላፕቶፑ አይወጣም፤ እርሱ ላይ የተጻፈ ቁጥር ይቆያል።

ኮንትሮል ፓነልን ክፈቱ፤ በዊንዶውስ 11 ላይም ይህ ሥራ የሚሠራው በአሮጌው ኮንትሮል ፓነል ነው። ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ኔትወርክ ኤንድ ሼሪንግ ሴንተር፣ ከዚያ በግራ በኩል ቼንጅ አዳፕተር ሴቲንግስ። ዋይፋይ የሚለው ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ግቡ። ኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4 የሚለውን ምረጡና እንደገና ፕሮፐርቲስ ተጫኑ፤ ምልክት ማድረጊያውን እንዳታነሱት፣ ጽሑፉን ብቻ ነው መምረጥ ያለባችሁ። አድቫንስድ የሚለውን ተጫኑ። ከታች አውቶማቲክ ሜትሪክ የሚለውን ምልክት አንሱ፣ ከፊቱ በተከፈተው ሣጥን 100 ጻፉ። ኦኬ፣ ኦኬ፣ ክሎዝ። ይህንኑ ለኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 6 ድገሙት፤ ሁለቱ ቁጥር የተለያየ ነው፣ አንዱን ትቶ አንዱን መቀየር ግማሽ ሥራ ነው። 100 ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዊንዶውስ መስፈሪያ የሚሰጠው ትልቁ ቁጥር ከዚያ በታች በመሆኑ፣ ገመዱ 10 ሜጋቢት ላይ ቢወርድ እንኳ ዋይፋዩን ይቀድማል። ስልክ በዩኤስቢ የምታገናኙ ከሆነ ስልኩ እንደተሰካ ለእርሱም መገናኛ ይህንኑ አድርጉ።

ብዙ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚያስተዳድር፣ በአስተዳዳሪ መብት በተከፈተ ፓወርሼል ሴት-ኔትአይፒኢንተርፌስ (Set-NetIPInterface) የሚለውን ትዕዛዝ ተጠቅሞ በአንድ መስመር ሁለቱንም ቨርዥን ይቀይራል። በፕሮ ዕትም ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ዊንዶውስ ኮኔክሽን ማኔጀር ሥር፣ በአንድ ጊዜ የሚኖሩ ግንኙነቶችን ቁጥር የሚቀንስ መመሪያ አለ። ምርጫውን 3 ካደረጋችሁት ገመድ ሲሰካ ዋይፋዩ ይቋረጣል፣ ገመድ ሲነቀል ይመለሳል። ሆም ዕትም ላይ የግሩፕ ፖሊሲው መስኮት የለም። የኤችፒ የቢሮ ላፕቶፖች ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በሚከፈተው ማስተካከያ ውስጥ ይህንኑ የሚያደርግ ምርጫ አላቸው፣ የዴሎቹም እንዲሁ፤ ግን ከላፕቶፑ ጋር ለተሠራው ሶኬት የታሰበ ስለሆነ በዩኤስቢ አዳፕተር ላይ አትተማመኑበት። በዱሮ ዊንዶውስ የነበረው የአዳፕተሮችን ዝርዝር በቀስት ከላይ ወደ ታች የማሰለፍ ዘዴ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ይህን አይወስንም፤ ያንን የሚያስተምር ቪዲዮ ካያችሁ እለፉት።

የአፕል ማክ ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ግቡ፣ ሦስቱን ነጥብ ተጭናችሁ ሴት ሰርቪስ ኦርደር ምረጡ፣ አዳፕተሩን ከዋይፋይ በላይ ጎትታችሁ አስቀምጡ። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምንም መንካት አያስፈልግም፤ ኔትወርክ ማኔጀር ለገመድ 100፣ ለዋይፋይ 600 ይሰጣል፣ ፍጥነታቸውን አይጠይቅም። በዚህ ነገር ከዊንዶውስ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን።

መሥራቱን ለማረጋገጥ ታስክ ማኔጀርን ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ ግቡ። ኢተርኔትና ዋይፋይ ለየብቻ ሥዕል አላቸው። አዲስ ነገር ማውረድ ጀምሩ፣ መስመሩ የሚወጣው በየትኛው እንደሆነ ታያላችሁ። አዲስ ያልነው ሆን ብለን ነው፤ ገመዱ ከመሰካቱ በፊት በዋይፋይ የተጀመረ ማውረድ እስኪያልቅ በዚያው በዋይፋይ ይቀጥላል። ይህን አይቶ ማስተካከያው አልሠራም ብሎ የሚያፈርሰው ብዙ ነው። ቁጥሮቹን በዓይን ማየት የሚፈልግ በጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) በእንግሊዝኛ ፊደል ራውት፣ ክፍተት፣ ፕሪንት (route print) ብሎ ይጻፍ። በአራት ዜሮ (0.0.0.0) የሚጀምሩት ሁለት መስመሮች ናቸው የሚፈለጉት፤ በቀኝ ዳር ያለው ቁጥር ሜትሪኩ ነው፣ ያነሰው ያሸንፋል።

ገመዱን ማስቀደም የማይገባበት አንድ ቦታ አለ። አንዳንድ ቢሮ ገመዱ የሚሄደው ወደ ፕሪንተርና ወደ ውስጥ ሰርቨር ብቻ ነው፣ ኢንተርኔት የለውም፤ ኢንተርኔቱ በዋይፋይ ነው። በዚህ ጊዜ ገመዱን ማስቀደም ኢንተርኔቱን ይዘጋዋል። መፍትሔው በገመዱ የቨርዥን 4 ማስተካከያ አይፒ አድራሻውንና ሰብኔት ማስኩን በእጅ ሞልቶ ዲፎልት ጌትዌይ የሚለውን ባዶ መተው ነው። ያኔ የውስጡ ነገር በገመድ፣ የቀረው በዋይፋይ ይሄዳል፣ ሜትሪኩንም መንካት አያስፈልግም።

አዳፕተሩ ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነሣ ከጠፋ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ፕሮፐርቲሱን ክፈቱ፤ ፓወር ማኔጅመንት ሥር ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ይህን ዕቃ እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። አሁንም ካልተስተካከለ አድቫንስድ ሥር ኢነርጂ ኤፊሸንት ኢተርኔት የሚለውን ዲሴብልድ አድርጉ። የራሱ የኃይል ገመድ የሌለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ሰክታችሁት ከሆነ ግን መጀመሪያ ከዚያ ንቀሉትና በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ።

ዋጋውን እዚህ አልጻፍንም፣ ከወር ወር ይለዋወጣል። ስትገዙ ግን ላፕቶፓችሁንና የምታምኑትን አንድ አጭር ኬብል ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ጊጋቢት ሶኬት ያለው ራውተር ካለው እዚያው ስኩት፣ 1.0 ጂቢፒኤስ ማለቱን፣ መለያው 2357 እና 0601 መሆኑን እዩ፣ ኬብሉን አንድ ሁለቴ ነቅላችሁ መልሱ፣ ጃኩ ቀጭ ብሎ መያዙንና ሲነኩት አለመላወሱን ፈትሹ። ከዚያ በኋላ ክፈሉ።